የጌም ቤቷ ግራጫ ሳጥን

ባለፈው እትም ስለ ውኃ ወረፋው ጽፈን ግማሹ ሰፈር ተቀይሞናል። ስለዚህ ዛሬ ማንንም የማያስቀይም፣ ቀለል ያለ ነገር እናንሳ ብለን ተቀመጥን። ቀለል ያለ ያልነው መጀመሪያ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገበያው ጀርባ ለብዙ ዓመታት ጌም ቤት ከፍተው የኖሩትን ጋሼን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ስሜን አትጻፉ ስላሉን አንጽፍም። ፕሮሰሳቸው አልቆ ሊሄዱ ነውና ሰሞኑን ዕቃቸውን ሲያጣሩ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዘው ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጡ። ከፍተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። 23 ሜሞሪ ካርዶች! የፕሌይስቴሽን፣ ያውም የድሮዋ፣ የግራጫዋ። በአብዛኞቹ ጀርባ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ የልጅ ስም ተጽፎበታል። «ይዤው አልሄድ፣ አልጥለው፤ እናንተ ጋዜጠኞች ናችሁና ባለቤቶቹን ፈልጉልኝ» አሉን። ጋዜጠኞች ሲሉን ደስ አለንና እሺ አልን።

ከእኛ መካከል ግማሾቻችን እዚያ ጌም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ያደግን ነን። ግማሾቻችን ደግሞ ልጆቻችንን በጆሮአቸው ይዘን ከዚያ ያወጣን ነን። የሚገርመው ግን ሁለታችንም ወገን ያቺ ሳጥን ከየት እንደመጣች፣ እንዴት ተሠርታ እዚህ አቧራ ውስጥ እንደደረሰች ጠይቀን አናውቅም። እስቲ ዛሬ እንጠይቅ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፕሌይስቴሽን የተወለደችው ከፈረሰ ጋብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ኬን ኩታራጊ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሴት ልጁ በኒንተንዶው ፋሚኮም ስትጫወት ያያል፤ ጨዋታውን ወደደው፤ ድምፁ ግን አልጣመውም። እናም ለኒንተንዶ ቀጣይ ማሽን፣ በ1990 ለወጣው ሱፐር ፋሚኮም፣ የድምፅ ቺፕ ሠራለት። ይህን የጀመረው አለቆቹ ሳያውቁ ነበርና ሲሰማ ብዙዎቹ ተቆጡ። ያኔ ሶኒ ቴሌቪዥንና ቴፕ የሚሠራ የተከበረ ቤት ነው፤ ጌም ደግሞ የልጆች መጫወቻ። ያዳነው የኩባንያው ፕሬዚዳንት ኖሪዮ ኦጋ ነው።

ከዚያ ሁለቱ ኩባንያዎች ተስማሙ፤ ሶኒ ለኒንተንዶ ማሽን ሲዲ ማጫወቻ ሊሠራለት። በጁን 1991 ቺካጎ ውስጥ በተደረገ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ሶኒ ወጥቶ «ፕሌይ ስቴሽን» የሚባል ማሽን አለን ብሎ ለዓለም አስታወቀ። በማግስቱ ኒንተንዶ በዚያው ትርዒት ላይ ተነሥቶ የሲዲውን ሥራ ከሆላንዱ ፊሊፕስ ጋር እንደሚሠራ ተናገረ። እንግዲህ አስቡት፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ጠላው ተጠምቆ ሙሽራው በጓሮ በር ወጥቶ ሌላ ሲያገባ ማለት ነው። ሶኒ ውስጥ ብዙዎቹ ከዚህ በኋላ ይቅርብን አሉ። ኩታራጊ ግን እልህ ያዘው፤ ኦጋም ያዘው። በኖቬምበር 1993 ሶኒ ለጌም ብቻ የሚሆን የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በዲሴምበር 3 ቀን 1994 ግራጫዋ ሳጥን በጃፓን በ39,800 የን ለገበያ ወጣች።

አሜሪካ የደረሰችበት ታሪክ ደግሞ የገበያ ሰዎቻችን ቢሰሙት የሚወዱት ነው። በሜይ 11 ቀን 1995 ሎስ አንጀለስ ላይ ተፎካካሪው ሴጋ «ሳተርን» የተባለውን ማሽኑን በ399 ዶላር አቅርቦ፣ ይባስ ብሎ ከዛሬ ጀምሮ መደብር ውስጥ አለ ብሎ ሁሉን አስደነገጠ። የሶኒ ተራ ሲደርስ ስቲቭ ሬስ የሚባል ኃላፊያቸው ንግግር ሊያደርግ ወደ መድረክ ተጠራ። ሰውየው 299 የሚለውን ቁጥር ብቻ ተናግሮ ተመልሶ ወረደ። ንግግሩ ይኸው ነው። 100 ዶላር ቅናሽ! ማሽኗ በሴፕቴምበር 9 አሜሪካ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ አውሮፓ ገባች።

ግን እኛ ዘንድ ያደረሳት የማሽኑ ዋጋ አይደለም፤ ዲስኩ ነው። ከእሷ በፊት ጌም በአብዛኛው የሚመጣው ልጆች «ካሴት» በሚሉት ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ነበር። በውስጡ ቺፕ አለው፤ ቺፕ ደግሞ ውድ ነው። ጌም የሚሠራው ድርጅት ምን ያህል እንደሚሸጥ ሳያውቅ አስቀድሞ ከፍሎ፣ ሳምንታት ጠብቆ ነው የሚረከበው። ሲዲ ግን እንደ እንጀራ ነው፤ ባለቀ ቁጥር በቶሎ ይጋገራል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። የሚይዘውም ብዙ ነው፤ አንድ ሲዲ ወደ 650 ሜጋባይት ሲይዝ፣ በ1996 የወጣው የኒንተንዶ 64 ትልቁ ካሴት 64 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ይህን አይቶ ስኩዌር የተባለው የጃፓን ድርጅት የረጅም ጊዜ ወዳጁን ኒንተንዶን ትቶ ወደ ሶኒ ሄደ፤ በጃንዋሪ 1997 ያወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ሦስት ዲስክ ሙሉ ነበር። ጋሼ ቤት ሁለተኛው ዲስክ ተሰንጥቆ ስለነበር አንዳችንም ያንን ታሪክ ከመሐል አላለፍነውም። መጨረሻው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ለብቻችን ይንገረን።

ዲስክ የራሱ ዕዳ አለው፤ «ሎዲንግ» የሚባለው። የማሽኗ ዋና ማኅደረ ትውስታ 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ተራ ስልክ ቢያንስ ሺህ እጥፍ ይይዛል። ከዲስኩ የምታነበው በሴኮንድ 300 ኪሎባይት ያህል ስለሆነ ያችን 2 ሜጋባይት ለመሙላት እንኳ ሰባት ሴኮንድ ገደማ ይፈጅባታል። የናምኮ «ሪጅ ሬሰር» ግን ዘዴ ነበረው። ከጃፓን የመጀመሪያ ጌሞች አንዱ የሆነው ይህ የመኪና ውድድር አንዴ ከተጫነ በኋላ ሙሉ በሙሉ ማሽኗ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዲስኩን አውጥተህ የራስህን የሙዚቃ ሲዲ ብታስገባ ውድድሩ አይቋረጥም፤ የሚሰማው ግን ያንተ ዘፈን ነው። ጋሼ የጥላሁን ገሠሠን ሲዲ ያስገቡ ነበር። ስፖርት መኪና በባሕር ዳርቻ እየበረረ፣ ከላይ ጥላሁን! ይህን ያየ ሰው እድሜ ልኩን አይረሳውም።

«ቴከን» ደግሞ አለ። የመጀመሪያው በ1995 ወጥቶ ከፕሌይስቴሽን ጌሞች ሁሉ ቀድሞ አንድ ሚሊዮን የተሸጠው እሱ ነው። እኛ ጋ የነገሠው ግን የ1998ቱ «ቴከን 3» ነው። ኤዲ ጎርዶ የሚባለው ብራዚላዊ በካፖዬራ እጁን መሬት ላይ ተክሎ በእግሩ ሲመታ ምንም የማያውቅ ልጅ ቁልፍ ዝም ብሎ እየቀጠቀጠ የሰፈሩን ጎበዝ ያሸንፍ ነበር። በዚህ ምክንያት «በኤዲ መጫወት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ሕጉን ያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

እግር ኳሱ የኮናሚ «ዊኒንግ ኢለቨን» ነበር። የመጣልን ቅጂ የጃፓንኛው ስለሆነ አንድ ፊደል እንኳ የሚያነብ የለም። ልጆቹ ግን «ሦስተኛው መስመር ሰዓቱ ነው፣ አምስተኛው ዝናብ ነው» እያሉ በቃላቸው ይዘውታል። ናይጄሪያን የመረጠ ኳሷን ለቲጃኒ ባባንጊዳ ብቻ መላክ ነው ሥራው፤ በዚያ ጌም ውስጥ የዚያን ልጅ ሩጫ የሚይዝ ተከላካይ አልነበረም። ኢትዮጵያ የለችም። ለዚህም መፍትሔ ተገኘለት፤ ካሜሩን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ስለሆነ ካሜሩንን የያዘ ልጅ «እኔ ዋልያ ነኝ» ይላል።

ቁልፎቹንም እንዲሁ ነው የተማሩት። እነዚያን አራት ምልክቶች ያወጣው ቴዩ ጎቶ የሚባል የሶኒ ዲዛይነር ነው። ሦስት ማዕዘኑ የዕይታ አቅጣጫን፣ አራት ማዕዘኑ ወረቀትን፣ ክቡ እሺን፣ ኤክሱ እምቢን እንዲወክሉ አስቦ ነው። በጃፓን እንዲያ ሆኖ ቀጠለ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ጌሞች ግን ኤክስ «እሺ» ሆነ። ጋሼ ቤት የሁለቱም አገር ዲስክ ስለነበረ ልጆቹ በየጌሙ እሺና እምቢን መገልበጥ ነበረባቸው። ሶኒ ይህን ነገር በዓለም ሁሉ አንድ ያደረገው በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ነው። የእኛ ልጆች ግን ሁለቱንም ቋንቋ ቀድመው ይናገሩ ነበር።

«ቅጂ» ካልን ዘንድ እውነቱን እንናገር። ጋሼ ቤት ከነበሩት ዲስኮች ውስጥ ኦሪጅናሉ አንድ ወይ ሁለት ቢሆን ነው። ኦሪጅናሉ ከታች ጥቁር ነው፤ ብዙዎቻችን የዲስኩ ቁልፍ ያ ጥቁረት ይመስለን ነበር። አይደለም፤ እሱ ቀለም ብቻ ነው። ቁልፉ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለና ተራ ማቅጃ ሊቀዳው የማይችል ምልክት ነው። ማሽኗ ስትነሣ እሱን ትፈልጋለች፤ ካጣችው አልጫወትም ትላለች። የሬዲዮ ጠጋኞች ታዲያ ጥፍር የምታክል ቺፕ ውስጧ ይበይዱባታል፤ ቺፗ ማሽኗ በጠየቀች ቁጥር «ምልክቱ አለ» እያለች ትመልስላታለች። ለድርጅቶቹ ሌብነት ነው፤ አንክድም። ያለዚያች ቺፕ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው ስለዚህ ማሽን የሚጽፈው ነገር አይኖረውም ነበር።

ቅጂ መሆኑ አንዳንዴ ዋጋ ያስከፍላል። በ1998 የወጣው «ሜታል ጊር ሶሊድ» ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ሜሪል የምትባለዋን ልጅ በሬዲዮ ማግኘት አለባችሁ፤ የሬዲዮ ቁጥሯ ደግሞ በዲስኩ ማሸጊያ ጀርባ ላይ ነው ይላችኋል። የቱ ማሸጊያ? የእኛ ዲስክ የመጣው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። ልጆቹ ጨዋታው ውስጥ ያለ ማሸጊያ መስሏቸው ግድግዳ ለግድግዳ ሲፈልጉ ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። በኋላ ናይሮቢ ደርሶ የመጣ አንድ ልጅ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጽፎ አመጣ፤ 140.15። ያን ቀን የጌም ቤቱ ጩኸት ዓለም ዋንጫ ነበር የሚመስለው።

የጋሼን ማሽን ያያችሁ፣ ተገልብጣ ስትሠራ ትዝ ይላችኋል? ይህ የካምፕ ጉድ ብቻ አይደለም፤ በመላው ዓለም እንደዚያ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ሌዘሩ የሚሄድበት ነገር ፕላስቲክ ነው፤ ያውም ኤሌክትሪክ ክፍሉ አጠገብ፣ ሙቀቱ ሥር። ፕላስቲኩ ሲበላ ሌዘሩ ይዘቅጥና ማንበብ ያቅተዋል፤ ሲገለብጡት ወደ ቦታው ይመለሳል። ሶኒ በኋላ ሞዴሎች ላይ ሌዘሩን ከሙቀቱ አራቀው። በእኛ ፀሐይና በእኛ አቧራ ግን ያቺ ማሽን ከ2002 ጀምሮ ስንት ዓመት ተዘቅዝቃ እንደኖረች ስናስብ ይገርመናል።

አሁን ደግሞ ወደ ወላጆች ወገን እንምጣ። በዚህ አምድ ላይ ትዝታ ነው ብለን ያንን ብንዘል እናቶች አይለቁንም፤ ልክም ናቸው። አንድ ዙር 10 ሽልንግ ነበር። ሽልንጉ ከየት ይመጣል? ከራሽን ዘይት የተሸጠበት ቤት አለ። «ትምህርት ቤት ነበርኩ» ብሎ ሦስት ወር ሙሉ ጌም ቤት የዋለ ልጅ አለ፤ ፈተና ሲወድቅ ነው የታወቀው። አንዲት እናታችን የማብሰያ እንጨት ግዛ ብላ በሰጠችው ገንዘብ «ግራን ቱሪስሞ» ሲጫወት ያገኘችውን ልጇን እዚያው በእንጨት አማስላ አሳይታዋለች። ጋሼ «በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ አይገባም» የሚል ሕግ ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ልጆቹ ዩኒፎርሙን ገልብጠው መልበስ ጀመሩ እንጂ።

«ግራን ቱሪስሞ»ን ካነሣን፣ በዲሴምበር 1997 በጃፓን ወጥቶ በዓለም ከ10 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ፣ ከዚያች ማሽን ጌሞች ሁሉ በሽያጭ አንደኛ የሆነ ነው። ዝም ብሎ መንዳት የለም፤ መጀመሪያ ፈተና ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይጠይቃል። ከመካከላችን አንዱ በሕይወቱ ያገኘው የመጀመሪያ ፈቃድ እሱ ነው። ከካምፕ መውጫ ፈቃድ እንኳ ለማግኘት ስንት ቀን እንደሚወስድ ለእናንተ አንነግርም።

ያ ፈቃድ ታዲያ የሚቀመጠው ሜሞሪ ካርዱ ላይ ነው። ማሽኗ በራሷ ምንም አታስታውስም፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ከዜሮ ነው። ጄኔሬተሩ ደግሞ ነዳጅ ሲያልቅበት አይጠይቅም። አንድ ካርድ 128 ኪሎባይት ይይዛል፤ ይህም 15 ብሎክ ተብሎ ይከፈላል። አንዳንዱ ጌም አንድ ብሎክ ይበቃዋል፤ አንዳንዱ ብዙ ይበላል። ካርድ ውድ ስለነበር አራት አምስት ልጆች አዋጥተው አንድ ይገዙና ብሎኩን ይካፈሉታል፤ ልክ እንደ መሬት። በዚህ ሰፈር የነበረው የልጆች ጠብ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። «ብሎኬን አጠፋብኝ» ብሎ እያለቀሰ ወደ ሽማግሌዎች የሄደ ልጅ እናውቃለን፤ ሽማግሌዎቹ ብሎኬት መስሏቸው የማን ግድግዳ ነው ብለው ጠየቁት።

ማሽኗ ራሷ ረጅም ዕድሜ ኖራለች። በ2000 ትንሿና ነጯ «ፒኤስ ዋን» ወጣች። በ2004 100 ሚሊዮን በመድረስ ከቤት ጌም ማሽኖች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በ2006 መመረቷ ቆመ። ዛሬ ልጆቻችን እነዚያኑ ጌሞች ስልካቸው ላይ ጭነው ሲጫወቱ እናያቸዋለን፤ ጭቅጭቁ ከ10 ሽልንግ ወደ ቻርጅና ባንድል ተዛውሯል እንጂ አልቀረም።

ወደ ቆርቆሮው እንመለስ። እስካሁን የ9 ካርዶችን ባለቤቶች አግኝተናል። አራቱ እዚሁ ናቸው፤ አግብተው ወልደዋል፤ መጥተው ሲወስዱ ልጆቻቸው «ይሄ ምንድነው?» ብለው ሳቁባቸው። ሦስቱ ካናዳና አውስትራሊያ ናቸው፤ በስልክ ስንነግራቸው አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኗል፤ «የመጀመሪያው መንጃ ፈቃዴ እናንተ ጋ ነው፣ ከጋሼ ጋር ላኩልኝ» አለን። አንዱ አገር ቤት ተመልሷል።

ዘጠነኛው በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ ከወጣ ብዙ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም። እናቱ እዚሁ ጎረቤታችን ናቸው። እንንገራቸው አንንገራቸው ብለን ተከራከርን፤ በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው ሄደው ነገሯቸውና በነጠላቸው ተሸፍነው መጡ። በዚያ ጌም ምክንያት ልጃቸውን ብዙ ጊዜ የገረፉት እሳቸው መሆናቸውን ሳንጠይቃቸው ነገሩን። ጋሼ ማሽኗን ገልብጠው አነሡልን። ዲስክ ካልገባባት ካርዱ ላይ ያለውን በሥዕል ታሳያለች፤ ለእያንዳንዱ ጌም አንድ ትንሽ ሥዕል። 11 ብሎክ ተይዟል፣ 4 ባዶ ነው። እትዬ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው «የቱ ነው እሱ የሠራው?» አሉ። ሁሉም የእሱ ነው አልናቸው። አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩና «አይጠፋም?» ብለው ጠየቁን። ካርዱ ባትሪ የለውም፤ መብራትም አይፈልግም፤ ሰው ካላጠፋው ይቀመጣል አልናቸው። በመሐረብ ቋጥረው ወሰዱት። ማሽን የላቸውም፤ ቲቪም የላቸውም።

የቀሩት 14 ካርዶች ዝግጅት ክፍላችን መደርደሪያ ላይ፣ በዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። የሁለቱ ፕላስተር ለቋል፤ ስም የላቸውም። ጋሼ ማሽኗን ለእኛ ትተውልናልና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንከፍታታለን፤ የራሱን ብሎክ የሚያውቅ መጥቶ ይለይ። የሄደ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ስሙን ብቻ ንገሩን፣ እንፈልግላችኋለን። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ሰንብቱ።